ዕቃው ስቴት ሲሻገር ሴልስ ታክሱን ማን ይሰበስባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬ፣ የተቆላ ቡናና ጀበና በራሴ ዌብሳይትና በቴሌግራም እሸጣለሁ፤ ጥቂቱን ደግሞ ኤትሲ በተባለው የኦንላይን ገበያ። ባለፈው ዓመት ከሜሪላንድ ውጪ የሸጥኩት ወደ 61,000 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 26,000ው ያለ ኤትሲ በቀጥታ ወደ ቨርጂኒያ የሄደ ነው፤ የቀረው ሚኒሶታ፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ። ‹ከ100,000 ዶላር በታች ከሆንሽ ከሌላ ስቴት ደንበኛ ታክስ መሰብሰብ አይመለከትሽም› ተብያለሁ። እውነት ነው? ደግሞ ካሜራና የፎቶ መብራት ከኦሪገን ሻጭ በ2,400 ዶላር ስገዛ ታክስ አልተጠየቅሁም። እንዲሁ ልተወው?»

ምላሽ፦

የነገሩዎት ሰው ግማሹን ነው የነገሩዎት፤ እርስዎን የሚነካው ደግሞ ያልነገሩዎት ግማሽ ነው። በሰጡን ቁጥር ከሄድን፣ ከቨርጂኒያ ደንበኞችዎ ታክስ መሰብሰብ የነበረብዎት ገና ድሮ ሳይሆን አይቀርም። ለቴክሳስና ለካሊፎርኒያ አይጠበቅብዎትም፤ የሚኒሶታው በቆጠራ ይለያል። ለካሜራው 144 ዶላር ለሜሪላንድ አለብዎት።

«ከሌላ ስቴት ሲገዛ ታክስ የለም» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩዊል በተባለው ጉዳይ፣ አንድ ስቴት በግዛቱ ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ የሌለውን ሻጭ «ታክስ ሰብስብልኝ» ብሎ ማስገደድ አይችልም ብሎ ፈረደ። ያኔ ክርክሩ በካታሎግ ስለሚሸጡ ዕቃዎች ነበር። ጁን 21 ቀን 2018 ያው ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና የቤት ዕቃ በኦንላይን በሚሸጠው ዌይፌር መካከል በነበረው ክርክር 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የቀድሞ ውሳኔውን ሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ስቴት በግዛቱ ውስጥ ምንም የሌለውንም ሻጭ ማስገደድ ይችላል። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ መለኪያ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ሽያጭ ወይም 200 ሽያጭ ነበር፤ ብዙዎቹ ስቴቶችም ይህንኑ ቀድተው የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። የመጨረሻዋ ሚዙሪ ነበረች፤ የእሷ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ነው። በስቴት ደረጃ ሴልስ ታክስ የሌላቸው ኦሪገን፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና አላስካ ናቸው፤ አላስካ ውስጥ ግን የራሳቸውን ታክስ የሚያስከፍሉ ከተሞች አሉ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመጣ፣ 100,000 የሚባለው የጠቅላላ ሽያጭዎ ልክ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስቴት ለብቻው ይታያል፤ ስለዚህ 61,000 የሚለው ድምር እዚህ ላይ ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው ነገር ሰው የሚዘነጋት አንዲት ትንሽ ቃል ናት። የቨርጂኒያ ሕግ 100,000 ዶላር «ወይም» 200 ሽያጭ ነው የሚለው። 26,000 ዶላር ከ100,000 በእጅጉ ያንሳል። ግን አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 60 ዶላር ቢሆን 433 ትዕዛዝ ነው፤ ከገደቡ እጥፍ በላይ። ቡናና በርበሬ ብቻ በ35 ዶላር የሚልክ ሰው 7,000 ዶላር ላይ 200ው ይሞላበታል። ትንንሽ ትዕዛዝ የሚልኩ ነጋዴዎች ሳያውቁት የሚያዙት በዚህች «ወይም» ነው።

የኒው ዮርክ ሕግ ደግሞ በ«እና» ነው፦ ከ500,000 ዶላር በላይ እና ከ100 በላይ ሽያጭ፣ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ የሚያዩት ዶላሩን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጋ 500,000 ነው። ፔንሲልቬንያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኮሎራዶ 100,000 ዶላር ብለው የትዕዛዝ ቁጥር አይጠይቁም። ራሷ ሳውዝ ዳኮታ የ200ውን ቆጠራ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰርዛለች፤ ኢሊኖይም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ። ሌሎችም በዚያው መንገድ እየሄዱ ስለሆነ በየጃንዋሪው የሚሸጡባቸውን ስቴቶች የታክስ መሥሪያ ቤት ገጽ መክፈት የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ሚኒሶታ በ12 ወር ውስጥ 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ትላለች፤ የእርስዎ የሚኒሶታ ትዕዛዝ ስንት እንደሆነ ስላልጻፉ ቆጥረው ይድረሱበት።

ቆጠራውን ሲሠሩ ትዕዛዞቹን ከዌብሳይትዎ በሰንጠረዥ ያውርዱና ዕቃው በተላከበት ስቴት ይለዩ፤ የካርዱ ባለቤት አድራሻ አይደለም የሚታየው። ልጅ ከዳላስ ከፍሎ ለእናቱ አሌክሳንድሪያ ካስላከ ሽያጩ የቨርጂኒያ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን የዶላር ድምርና የትዕዛዝ ብዛት ለየብቻ ይጻፉ። በአብዛኞቹ ስቴቶች ታክስ የሌለበት ዕቃ ሽያጭም እዚህ ቆጠራ ውስጥ ይገባል፤ ፍሎሪዳ ግን ታክስ ያለበትን ብቻ ነው የምትቆጥረው።

ቆጠራው የሚዛነፈው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም በኩል ነው። በዜል የመጣ ክፍያ «ለቀሚስ» ከሚል ማስታወሻ በቀር ምንም የለውም፤ ዌብሳይቱ ሪፖርት ውስጥም አይታይም። ግን ሽያጭ ሽያጭ ነው። እነዚያን ትዕዛዞች በደብተርም ቢሆን በቀን፣ በስም፣ በተላከበት አድራሻና በፖስታ መከታተያ ቁጥር ይመዝግቡ። ይህ ለሜሪላንድም ያስፈልግዎታል፦ ኦዲተር መጥቶ ዕቃው ከስቴቱ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ካጣ፣ ሽያጩን እዚያው ሜሪላንድ እንደተፈጸመ አድርጎ 6 በመቶ ያስከፍልዎታል። የቨርጂኒያ ደንበኛ ራሷ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ከእጅዎ ከወሰደችም ሽያጩ የሜሪላንድ ነው፤ ታክሱን የሚወስነው ርክክቡ የተፈጸመበት ቦታ ነው።

የኤትሲው ጉዳይ ቀላል ነው። ኤትሲ፣ አማዞን፣ ኢቤይና ቲክቶክ ሾፕ በሕግ የገበያ መድረክ ተብለው ስለሚታዩ በእነሱ በኩል በተሸጠው ላይ ታክሱን ራሳቸው ሰብስበው ራሳቸው ይከፍላሉ። እርስዎ እንደገና መሰብሰብ የለብዎትም። ይህ ሽያጭ ወደ ገደቡ ቆጠራ ይገባል አይገባም የሚለው ግን እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ ቴክሳስ ትቆጥረዋለች። ዌብሳይትዎ እንደ ሾፒፋይ ባለ አገልግሎት ላይ ከተሠራ ግን መድረኩ ሻጭ አይደለም፤ ሻጩ እርስዎ ነዎት። አገልግሎቱ ታክሱን ያሰላል እንጂ አያስገባልዎትም፤ ያውም የሚያሰላው እርስዎ ለዚያ ስቴት ከፍተው ከተዉት ብቻ ነው። «ሲስተሙ ይሠራዋል ብዬ ነበር» ማለት ታክስ መሥሪያ ቤት ፊት ዋጋ የለውም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በስቴቱ ውስጥ ምንም ለሌለው ሻጭ ነው። በአካል ያለ ነገር ካለዎት የ100,000ውም የ500,000ውም ገደብ አያድንዎትም፤ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይሰበስባሉ። አካውንታንቶች ይህን ትስስር «ኔክሰስ» ይሉታል። ዳላስ ያለች እህትዎ ጋራዥ ውስጥ 40 ቀሚስ አስቀምጠው ከዚያ የሚላክ ከሆነ ቴክሳስ ውስጥ ኔክሰስ አለዎት። አንዲት የተቀጠረች ልጅ ከአትላንታ ቤቷ ሆና ትዕዛዝ ብትቀበልልዎትም ጆርጂያ ውስጥ አለዎት። በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ገደማ ከተማ እየቀያየረ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ መሸጫ ቦታ ተከራይተው ከሸጡ፣ ለዚያ ስቴት ጊዜያዊ የሻጭ ፈቃድ ቀድሞ መውጣት አለበት። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለአንድ ቦታ እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ትሰጣለች። ብዙ ነጋዴ ቦታውን ከአዘጋጁ ተከራይቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የስቴቱ ተቆጣጣሪ ግን ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ የሚጠይቀው የኪራይ ደረሰኙን ሳይሆን ፈቃዱን ነው።

አሁን ስንት ይሰበሰባል ወደሚለው እንሂድ፤ እዚህ ላይ የሐበሻ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፣ ምክንያቱም ልብስ፣ ምግብና የቤት ዕቃ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው የሚልከው። አንድ ትዕዛዝ እንውሰድ፦ ቀሚስ 180 ዶላር፣ በርበሬ 2 ከረጢት 30 ዶላር፣ ጀበና 40 ዶላር፣ ማጓጓዣ 14 ዶላር።

ይህ ካርቶን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቢሄድ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚከፈለው 6 በመቶ ነው። በብዙው የስቴቱ ክፍል 5.3 በመቶ ነው። ቀሚሱና ጀበናው 220 ዶላር በ6 በመቶ 13.20 ዶላር ይሆናል። ቤት ወስደው የሚያበስሉት ምግብ በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ በርበሬው 30 ሳንቲም። ማጓጓዣው ደረሰኙ ላይ ለብቻው «ማጓጓዣ» ተብሎ ከተጻፈ ታክስ የለበትም። ድምሩ 13.50 ዶላር። ያንኑ 14 ዶላር «ማጓጓዣና ማሸጊያ» ብለው አንድ መስመር ላይ ከጻፉት ግን ታክስ ውስጥ ይገባል። ሜሪላንድም እንዲሁ ናት። አንዲት ቃል ከደረሰኝ ላይ ማውጣት ነው ሥራው።

ሚኒያፖሊስ ቢሄድስ? ሚኒሶታ ልብስም የቤት ምግብም ላይ ታክስ አትጥልም። ስለዚህ የሚታከሰው ጀበናው ብቻ ነው፤ የሚኒያፖሊስ ጠቅላላ መጠን 9.025 በመቶ ስለሆነ 3.61 ዶላር። ሚኒሶታ ማጓጓዣን ታስከፍላለች፤ ግን የተቀላቀለ ካርቶን ሲሆን ታክስ ባለበት ዕቃ ድርሻ ልክ መክፈል ይፈቀዳል። ጀበናው ከ250 ዶላሩ ዕቃ 16 በመቶ ነው፤ የ14 ዶላሩ 16 በመቶ 2.24 ዶላር ነው፤ ታክሱ 20 ሳንቲም። ድምሩ 3.81 ዶላር። ሁሉንም ዕቃ ሲስተሙ ውስጥ «ታክስ ያለበት» ብለው ካስገቡት ግን ከነማጓጓዣው 23.83 ዶላር ይሰበሰባል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ዶላር ያህሉ ያለአግባብ ከደንበኛዋ ይወሰዳል። ሾፒፋይ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ ምድብ መስጫ አለ፦ ቀሚሱና ነጠላው ልብስ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡናው የምግብ ሸቀጥ። ይህን አንዴ በትክክል መሙላት ነው።

ሂዩስተን ቢሄድ፣ አይሰበስቡም፤ ቴክሳስ ውስጥ 500,000 አልደረሱም፣ በአካልም የሉም። ታክሱ ግን አልጠፋም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሁለት ነገር በልብስ ላይ ልጨምር። ፔንሲልቬንያ ተራ ልብስን ነጻ ብታደርግም የሙሽራ ቀሚስና የክብር ልብስ ላይ ታስከፍላለች፤ ለሠርግ የሚሠራ ጥልፍ የሚልክ ሰው ይህን ይወቅ። ኒው ዮርክ ደግሞ የስቴቱን 4 በመቶ የምታነሳው አንዱ ልብስ ከ110 ዶላር በታች ሲሆን ነው፤ የ180 ዶላሩ ቀሚስ ሙሉ ይታከሳል።

ቨርጂኒያ ላይ አሁን ምን ያድርጉ? ሳይመዘገቡ ታክስ መሰብሰብ አይጀምሩ። ፈቃድ ሳይኖር «ታክስ» ብሎ ከደንበኛ ገንዘብ መውሰድ ካለመሰብሰብ የከፋ ጥፋት ነው። የሰበሰቡት ታክስ የእርስዎ ገቢ አይደለም፤ የአደራ ገንዘብ ነው፤ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ቢኖርዎትም ባለቤቱን በግል ሊያስጠይቅ ይችላል። ከተመዘገቡ በኋላ የየወሩ ሂሳብ በሚቀጥለው ወር እስከ 20ኛው ቀን ይቀርባል፤ ምንም ያልሸጡበት ወር ቢሆንም ዜሮ ብለው ያቅርቡ። ዜሮ ነው ብሎ ዝም ማለት የተለመደ የቅጣት በር ነው።

ያለፈውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በፈቃደኝነት የማሳወቅ ስምምነት የሚባለው ነው፦ ስቴቱ ወደኋላ የሚያየውን ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዓመት፣ ይወስናል፤ ቅጣቱን ያነሳል፤ ታክሱንና ወለዱን ይቀበላል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስቴቱ ቀድሞ ደብዳቤ ያልጻፈልዎት መሆን አለበት፣ ብዙ ቦታም ስምምነቱ ከመመዝገብ በፊት ነው የሚጠየቀው። ቀድመው ኦንላይን ከተመዘገቡ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ትክክለኛውን የመጀመሪያ ቀን ጽፎ ተመዝግቦ ያለፉትን ወራት በሙሉ ማቅረብ ነው። ከ26,000ው 18,000ው ቀሚስና ጀበና፣ 8,000ው በርበሬና ቡና ነው ብንል፣ ሁሉም ሰሜን ቨርጂኒያ ቢሆን 1,080 ሲደመር 80፣ በዓመት 1,160 ዶላር ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ስምምነቱን ለሚያረቅቅልዎት ባለሙያ የሚከፍሉት ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ሦስትና አራት ዓመት ከቆየ ግን መጀመሪያ ባለሙያ ያማክሩ። «ይረሱታል» ብሎ መተው አያዋጣም፤ በብዙ ስቴቶች ሂሳብ ላልቀረበበት ጊዜ የይርጋ ዘመን መቁጠር አይጀምርም፤ ቨርጂኒያም ሂሳብ ካልቀረበላት እስከ 6 ዓመት ወደኋላ ሄዳ መጠየቅ ትችላለች።

ከስቴት መጠይቅ ከመጣልዎት ደግሞ በራስዎ ሞልተው አይላኩ፤ ዝምም አይበሉ። ያ ወረቀት ፊርማ የሚጠይቅ መግለጫ ነው፤ «መጋዘን አለዎት? ሠራተኛ አለዎት? ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ዕዳ ይወስናሉ።

አሁን ወደ ገዢው ጎን። በኢትዮጵያ ቫት የለመደ ሰው እዚህ ይደናገራል። ቫት በየደረጃው 15 በመቶ እየተከፈለ፣ ነጋዴው የከፈለውን ከሰበሰበው ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ነው። የአሜሪካው ሴልስ ታክስ የሚያርፈው በመጨረሻው ተጠቃሚ ላይ አንዴ ብቻ ነው፤ የሚቀናነስ ነገር የለም። ስለዚህ መልሰው የሚሸጡትን ሲገዙ ለጅምላ ሻጩ የሪሴል ሰርተፊኬት ሰጥተው ያለ ታክስ ይገዛሉ። በተቃራኒው አንዲት የሱቅ ባለቤት ከእርስዎ 20 ጀበና ለመሸጫ ብትወስድ፣ የእሷን ሰርተፊኬት ዕቃውን ሳይልኩ በፊት ተቀብለው ፋይል ያድርጉ። በኦዲት ቀን ሰርተፊኬቱ ካልተገኘ ያ ሽያጭ እንደ ችርቻሮ ተቆጥሮ ታክሱ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል።

ከኢትዮጵያ የሚያስመጡትም ቀሚስ ለመሸጫ እስከሆነ ድረስ ሲገባ ሴልስ ታክስ የለበትም። ጉምሩኩ ሌላ ነገር ነው፤ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ የነበረው ነጻ መግቢያ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ስለቆመ ትንሹም ጥቅል ቀረጥ ይጠየቅበታል። የከፈሉት ቀረጥ ግን ሴልስ ታክስን አይተካም።

ሻጭ ታክስ ሳይሰበስብ ሲቀር ደግሞ ገዢው ራሱ ለሚኖርበት ስቴት የሚከፍለው አለ፤ ዩዝ ታክስ ይባላል፣ መጠኑ ከሴልስ ታክሱ ጋር እኩል ነው። የሂዩስተኗ ደንበኛዎ ላይ የቀረው ይህ ነው። በመኪና ላይ ታርጋ ሲወጣ ስለሚያዝ ማንም አያመልጠውም፤ በሌላው ዕቃ ግን ግለሰብ ሁሉ ይዘነጋዋል። ተመዝጋቢ ነጋዴ ሲሆኑ ግን መዘንጋቱ አያዋጣም፤ ኦዲተር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገልጠው የሽያጭ ደብተርዎን ሳይሆን ያለ ታክስ የተገዙ መሣሪያዎችን ደረሰኝ ነው፤ ፈጣኑ ገንዘብ እዚያ ስላለ።

ሌላ ስቴት ውስጥ የከፈሉት ታክስ ይታሰብልዎታል። 5.3 በመቶ በሚከፈልበት የቨርጂኒያ ከተማ ሱቅ ገብተው ከፍለው ቢሆን ለሜሪላንድ የሚቀረው 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ከኦሪገኑ ሻጭ ግን ምንም ስላልከፈሉ ሙሉው 6 በመቶ ነው፦ 2,400 በ6 በመቶ፣ 144 ዶላር። ለብቻው ማመልከቻ አያስፈልገውም፤ ለሜሪላንድ በሚያቀርቡት የሴልስና ዩዝ ታክስ ሂሳብ ላይ ለዩዝ ታክስ በተለየው መስመር ግዢውን ያስገቡ፤ ደረሰኙን ከዚያ ወር ወረቀት ጋር ያያይዙ። እዚያው መስመር ላይ የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ለመሸጫ ያለ ታክስ የገዙትን ቀሚስ ራስዎ ከለበሱት ወይም ለእህትዎ ልጅ ልደት ከሰጡት፣ በተገዛበት ዋጋ ላይ 6 በመቶ ይታሰባል። 70 ዶላር ያስወጣዎት ከሆነ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም።